ጣሪያ ላይ የተጻፈ ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ ያልተጠረገበትን በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሰ። ሁለተኛው፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲታቀብ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ማዋረድ የሚያስቀጣ ሆነ። የመጀመሪያውን ታሪክ ልጅ ዐዋቂው ያወጋዋል። ሁለተኛውንም የታሪክ ወዳጆች አይዘነጉትም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። መኪናና ቀጥቃጭ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ንጉሥ ደጅ ተገናኝተው ነበር።

በአገራችን ስለ መኪና የተጻፈውን ብናገላብጥ ታሪኩ የሚነገረው ከወንበሩ ነው። ለማን ተበረከተ? ማን ተቀመጠበት? ማን ነዳው? ክሊፎርድ ሃሌ በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ ቤንትሌይ ጉዞ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱን የመሠረተው በንጉሡና በመኪናው ላይ ነው። መኪና ግን ወንበር ብቻ አይደለም፤ ጣሪያም አለው። በጣሪያው ላይ ጭነት አለ፤ ጭነቱን የሚሸከም ብረት አለ፤ ብረቱን የበየደ እጅ አለ። እኔ ዛሬ ታሪኩን ከላይ ወደ ታች ላንብበው እወዳለሁ። መነሻዬም ጋራዥ ውስጥ «ፖርቶ መጋላ» የምንለው፣ በመኪና አናት ላይ የሚታሰረው የብረት ርብራብ ነው።

ከመኪና በፊትም ጭነት ነበር። ሲራራ ነጋዴ አሞሌውንና ቡናውን፣ ቆዳውንና ማሩን በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ጭኖ ወራት ይጓዝ ነበር። የዚያ ጉዞ ቁልፍ መጫኛ ነው፤ ከጥሬ ቆዳ ተተልትሎ የሚሠራ ጠፍር። ጭነቱ በግራና በቀኝ ካልተመጣጠነ የአጋሰሱ ጀርባ ይላጣል፤ ከብቱም መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጫን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዕውቀት ነበር። ዘመቻም ቢሆን የሚቆመው በጫኝ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የተመመው ሠራዊት ስንቅና ጓዝ በእንስሳት ጀርባና በሰው ትከሻ ተጉዟል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ገደል የናዱት፣ መንገድ የጠረጉት፣ ገመድ የሳቡት እልፍ እጆች ናቸው። መድፉ ስም አለው፤ «ሴባስቶፖል» ይባላል። የሳቡት ሰዎች ስም የላቸውም። ታሪካችን ጭነቱን ይጠራል እንጂ ጫኙን አይጠራም።

ብረቱን የሚሠራውማ ስም ነበረው፤ ስሙ ግን ስድብ ነበር። ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና ልጓም የሚያወጣው ሰው በቀን ይፈለጋል፤ በማታ ይፈራል። «ቡዳ ነው፤ ጅብ ሆኖ ያድራል» ይባላል። በጎንደርና በአካባቢው ቀጥቃጭነትን፣ ሸክላ ሥራንና ግንበኝነትን ይዘው ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን የዚህን ስም ክብደት ከማንም በላይ ያውቁታል። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አንድ ፈር አያወጣም ነበር፤ ነገር ግን ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ ወናፍና መዶሻው ከነስድቡ ወደ ኋላ ቀረ።

የምኒልክ ዐዋጅ የወጣው እንዲህ ባለ ልማድ ላይ ነው። ዐዋጅ ደግሞ አፍን ይገታል እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብን ቀስ በቀስ የለወጠው፣ እንደ እኔ እምነት፣ በዚያው ዓመት ከተማ የገባው መኪና ነው። ማረሻ ሲሰበር ገበሬው ብረቱን በልጁ ይልካል፤ ከቀጥቃጩ ጋር ፊት ለፊት ላይተያይ ይችላል። መኪና ግን ባለቤቱን ይዞ ይቆማል። ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር አልጋባም፣ አልበላም ያለው ሰው፣ አቀበት መሐል ሞተሩ ሲጠፋበት፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ግራሶ የተቀባውን ሰው «እባክህን ወንድሜ» ማለትን ተማረ። መኪናው ወንበሩን ለሹሙ ሰጠ፤ ሹሙን ግን በሠራተኛው ፊት አቆመው። ዐዋጁ ያዘዘውን መኪናው በየመንገዱ አስፈጸመ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሠራተኛው ይህን ሙያ የተማረበት ዘመን የመከራም ዘመን ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ሲወርር የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪናዎቹን፣ መንገድ ሠሪዎቹንና መካኒኮቹን ይዞ ነበር። ጠላት ተባረረ፤ መንገዱና ቃሉ ቀረ። ዛሬ አንድ መካኒክ ረዳቱን ሲያዝዝ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ግማሽ ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ጣሊያንኛ መሆኑን ግን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ቃሉን የተቀበለው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከጌታው እጅ፣ ከመፍቻው ጋር ነው። ወራሪ በጉልበት ያስገባውን ቃል ሠራተኛው በላቡ ገዛውና የራሱ እንጀራ አደረገው።

ፖርቶ መጋላ ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው። ጣሊያኖቹ «ፖርታባጋሊ» ይሉታል፤ ጓዝ ተሸካሚ ማለት ነው። በእኛ አፍ «ባጋሊ» ተገለበጠና «መጋላ» ሆነ። በምሥራቁ ክፍል ደግሞ መጋላ ሌላ ትርጉም አለው። በሐረርና በድሬዳዋ መጋላ ሲባል ገበያው፣ የከተማው ልብ ይታወሳል። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግጥም የሚወድ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ግጥምጥሞሽ ዝም ብሎ አያልፈውም። ክፍለ ሀገር የሚሄድ አውቶቡስ አናት ላይ ዶሮው፣ እህሉ፣ ፍራሹ፣ የሽቦ አልጋው፣ ጄሪካኑ ተደርድሮ፣ ሸራ ለብሶ ሲጓዝ ላየ ሰው፣ ጣሪያው በእርግጥም ገበያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የማውቀው ፖርቶ መጋላ ልናገር። የቤታችን መኪና ፔጆ 504 ነው፤ ከኋላው ረዘም ያለው፣ ለቤተሰብ የተሠራው ዓይነት። ፔጆ ይህን ሞዴል በ1968 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። በአፍሪካ ግን ዝናውን ያገኘው በዳኞች ምርጫ ሳይሆን በአቧራው ነው። ታላቅ ወንድሙ 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል፤ 504ም በ1975 እና በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞታል። ናይጄሪያ ካዱና ከተማ ውስጥ ይገጣጠም ስለነበር ከኮረኮንች መንገድ ጋር የተወለደ እስኪመስል ድረስ አህጉሩ ለመደው።

አባቴ ይህን መኪና በ1970ዎቹ መጨረሻ ገዛው። ፖርቶ መጋላው ከፋብሪካ አብሮት አልመጣም፤ እዚሁ አዲስ አበባ የተበየደ ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። የታላቅ እኅቴ የጥሎሽ ሻንጣ በላዩ ሄዷል። የአያቴ የሽቦ አልጋ ከገጠር በላዩ መጥቷል። ጤፍ፣ ከሰል፣ በግ፣ የጎረቤት የልቅሶ ድንኳን ከነምሰሶው፣ ሁሉም በተራው ጣሪያው ላይ ተፈናጧል። የቤተሰባችን ዋና ዋና ቀኖች በሙሉ በዚያ ብረት ላይ አልፈዋል። ፎቶግራፋችን ውስጥ ግን የለም። ሰዎቹ ከፊት ቆመው ይታያሉ፤ እሱ ከላይ፣ ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል።

ባለፈው ክረምት በመኪናው ጣሪያ ጨርቅ ላይ ቡናማ እድፍ ታየ። ከላይ ወጥቼ ሳየው አራቱም እግሮች ዝገዋል፤ ሁለቱ ተሻጋሪ ብረቶች በጣት ሲነኩ ቅርፊታቸው ይረግፋል። ዝገት ሌባ ነው፤ ግን በጩኸት የሚገባ ሌባ አይደለም። ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ብረቱ ወደ ተወለደበት አፈር መመለስ ይጀምራል። የዛገው ብረት ካልዛገው የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። አሉሚኒየም ሲበላሽ በላዩ የሚያበጀው ስስ ሽፋን ራሱን ይጠብቀዋል፤ የብረት ዝገት ግን ቀዳዳ ስለሆነ የታችኛውን አሳልፎ ይሰጣል። ፖርቶ መጋላ ላይ ጠላቱ የሚሸሸገው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከእግሩ ሥር የሚደረገው ጎማ ነው፤ ቀለም እንዳይፋቅ የተደረገው ጎማ ውሃውን አቅፎ ያቆየዋል። ሌላው የቱቦው ሆድ ነው፤ ጫፉ በደንብ ካልተደፈነ ዝናብ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ውጭውን ብቻ እያየ ቀለም የሚቀባ ሰው ባዶ ቅርፊት ይቀባል።

ባንክ የምሠራ ሰው ነኝና የዕቃን ሞት በቁጥር ማየት ለምጃለሁ። በሒሳብ መዝገብ ላይ መኪና በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይደረግበታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋጋው ያልቃል። በዚህ ስሌት የእኛ ፔጆ እኔ ሳልወለድ ሞቷል። ዘመዶችም «ብረቱን አውልቁና ሽጡት፤ ለማን ጭነት ነው?» ብለው መከሩን። አባቴ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ምክሩን ሰምቶ «ሽጡት» አላለም፤ «ተዉት»ም አላለም። «የሚሠራው ሰው ይየው» ብቻ አለ።

አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የዘለለ በያጅ አገኘሁ። ሁለት ተሻጋሪ ብረትና አራት እግር እንዲለውጡልኝ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ብረቱን አልነኩም። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ባለው የውሃ መውረጃ አሸንዳ ጣታቸውን ሰድደው በዝግታ ሄዱበት።

«ጋሼ፣ ብረቱን ቀይረን ቀለም ብንቀባው አይበቃም?» አልኳቸው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው፤» አሉኝ። «ብረቱ ዳውላ ነው፤ አህያው አሸንዳው ነው። አሸንዳው ከበሰበሰ አዲስ ብረት ብታስርበት ከነጭነቱ አስፋልት ላይ ታገኘዋለህ።»

አሸንዳው በሁለት ቦታ ብቻ ተጎድቶ ነበር። የዛጉትን ብሎኖች ዘይት እያጠጡ አሳደሯቸው፤ በማግሥቱ ሦስቱ ተፈቱ፤ አራተኛው እንቢ አለ። እሱን በግራይንደር ከመቁረጣቸው በፊት ጣሪያውንና መስተዋቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑት፤ የሚፈናጠረው የጋለ ብናኝ ቀለምና መስተዋት ላይ ተጣብቆ ነገ ራሱ ዝገት ይሆናልና። የሚበየደውንም ብረት መኪናው ላይ አልበየዱትም፤ ልኩን ወስደው መሬት ላይ ሠሩት።

ለተሻጋሪዎቹ የመረጡት የውሃ ቱቦ ነው፤ ዚንክ የተለበጠው። ይህን የመለበጥ ዘዴ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ በ1837 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦታል። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ሲጫር እንኳ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መግባት የጀመረው፣ ዛሬ ከተማችንን ያለበሰው ቆርቆሮም በዚሁ ብልሃት ነው ዝናብ የሚችለው። የቤታችንም የመኪናችንም አናት በአንድ መሥዋዕትነት ይኖራል ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። በሚበየድበት ጫፍ ላይ ያለውን ዚንክ አስቀድመው ፈገፈጉት። «ጭሱ ያሳምማል፤ ስንቱን ልጅ በትኩሳት አስተኝቷል» አሉ። ከብየዳው በኋላ ራቁቱን የቀረውን ቦታ መልሰው ቀቡት፤ የቱቦዎቹንም ጫፍ ደፈኑ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። የጎን ብረቶቹን ሊጥሏቸው ሲያገላብጡ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ቆሙ። በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። ከዝገቱ ሥር፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ እኩል በእኩል የተሰፋ የብየዳ መስመር ወጣ።

«ይኼ በኤሌክትሪክ አይደለም፤ በጋዝ ነው» አሉ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይኼን እጅ ዐውቀዋለሁ። የተማርሁት ከእሱ ነው። ቸኩሎ አያውቅም ነበር።»

«ማን ይባላሉ?» ስል ጠየቅሁ።

«እኛ ማስትሮ ነበር የምንለው። የእናት አባቱን ስም የጠየቀም አልነበረም።»

ማታ አባቴን ጠየቅሁት። መኪናውን የሸጠለትን ሰው ስም ከነአባቱ ነገረኝ። የከፈለውን ብር እስከ ሳንቲሙ ነገረኝ። ስምምነቱ ላይ የተገኙትን ምስክሮች ቆጠረልኝ። ፖርቶ መጋላውን የበየደውን ሰው ግን፣ ፊቱን እንጂ ስሙን አላስታወሰም። «ጥሩ ሰው ነበር» አለ፤ ከዚያም ጥቂት ቆይቶ፣ እንደ መደነቅ ብሎ፣ «አልጠየቅሁትም መሰለኝ» አለ።

አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንዲህ አድርገን ነው ታሪክ የምንጽፈው። ውል ላይ ገዢና ሻጭ ይፈርማሉ፤ ሠሪ አይፈርምም። ዜና መዋዕል ንጉሡንና መድፉን ይመዘግባል፤ አንጥረኛውን አይመዘግብም። የምኒልክ ዐዋጅ ስድቡን አስቀረልን እንበል። ስድብ መቅረቱ ግን ስም መጠራቱ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የተጀመረው ነገር ግማሹ ብቻ ነው የተፈጸመው። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ማለት አቆምን፤ በስሙ መጥራት ግን አልጀመርንም። «መካኒኩ»፣ «በያጁ»፣ «ልጁ»፣ ቢበዛ «ማስትሮ» እያልን ሙያውን ከሰውየው ፊት አቆምነው። ቃሉን ከጣሊያን ወስደን ሠራተኛውን ለመሸፈኛ ተጠቀምንበት።

ይሁን እንጂ ሠሪው ራሱ ሳይፈርም አልቀረም። ብየዳው ፊርማው ነው። ለማንበብ ግን ፊደሉን የሚያውቅ ዐይን፣ ዝገቱን የሚፈትግ እጅ ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ከብዙ ዘመን በኋላ የመምህሩን ጽሕፈት በአንድ አሮጌ ብራና ላይ ቢያገኝ ሊቃውንቱ ይደነቁ ነበር፤ ጥናትም ይጻፍለት ነበር። በዚያ ቀን በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ የሆነው ከዚህ በምንም አያንስም። ልዩነቱ ብራናው ብረት፣ ቀለሙ እሳት መሆኑ ነው።

ሽማግሌው ሁለቱን የጎን ብረቶች አልጣሏቸውም። የታመመውን ቆርጠው ጤነኛውን አስቀሩ፤ አዲሶቹን ተሻጋሪዎችም ከእነዚያ አሮጌ መገጣጠሚያዎች ጎን በየዱ። አሁን በአንድ ርብራብ ላይ የመምህርና የተማሪ እጅ ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ በጋዝ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ጠይቄ በመኪናው ደብተር ላይ፣ ከባለቤቱ ስም ሥር ጽፌዋለሁ። እዚህ የማላወጣው ፈቃዳቸው ስላልሆነ ነው፤ «ለደብተሩ ይበቃል» አሉኝ። እናንተም አሮጌ ነገር የምታስጠግኑ ሁሉ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስም ጠይቁ። ከዐዋጁ የቀረው ግማሽ ይኸው ነውና።

ብረት ዝገት በላው፣ ዝገት አፈር ሆነ፤
ሠሪውን ማን ያውቃል፣ ሥራው ከገነነ?
መኪናው ለጌታ፣ ወንበሩ ለሹሙ፤
ጣሪያ ላይ ተጽፏል፣ በብየዳ ስሙ።